የኤሌክትሪክ ሞተራችሁን ራሳችሁ ሰርቪስ አድርጉ፣ ዋስትናውን ግን አታቃጥሉት

ባህር ዳር ሆነን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የገዛን ሰዎች ችግራችን አንድ ነው፣ ሻጩ አዲስ አበባ እኛ እዚህ፣ መሀል ላይ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድና የአባይ በረሃ አለ። ፍሬን ጮኸ ብሎ ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭኖ የሚልክ ሰው የለም። ስለዚ ራሳችን እንነካካዋለን፣ ከዛ አንድ ቀን የእውነት ሲበላሽ "ተከፍቷል፣ ዋስትናው አይሰራም" እንባላለን። እኔ ተብያለሁ። ሐምሌ ላይ የኋላ ፍሬቻ አምፖል ልቀይር ብዬ ፕላስቲኩን ፈታሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን ኃይል ለቸርኬው የሚመጥነው ሳጥን) ሞተ፣ ሻጩ ጋ ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄው "ከፍተኸዋል አይደል?" ነበር። ያዳነኝ ፕላስቲኩን እንደፈታሁ የኮንትሮለሩን ማህተም፣ ያቺን ከተቀደደች የማትመለስ ተለጣፊ ወረቀት፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለራሱ ለሻጩ ልኬለት ስለነበር ነው። ወደ ላይ ሄዶ ሲያየው ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ፈጀ እንጂ ኮንትሮለሩ መጣ።

ስለዚ ቁልፍና ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አውጡና አንብቡ። ብዙ ጊዜ የባትሪው ዘመን ለብቻው ነው፣ የሞተሩ ለብቻው፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ደሞ በማለቅ የሚታወቁ ስለሆኑ ጭራሽ አይካተቱም። ወረቀቱ ግልጽ ካልሆነ ሻጩን በጽሁፍ ጠይቁት፣ "ጎማ፣ የፍሬን ሸራና አምፖል ራሴ ብቀይር ዋስትናው ይነካል ወይ?" ብላችሁ። በስልክ "ችግር የለም" ያላችሁ ሰው ነገ አላልኩም ይላል፣ ቴክስት ግን አይክድም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭን ለእቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፣ ገዢው ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። "ትንሽ ልየው እስቲ" ብሎ ወር ማቆየት እራስን መጉዳት ነው።

ምን ይነካል ምን አይነካም ለሚለው የኔ መስመር ቀላል ነው። የሚሽከረከርና የሚፋተግ ነገር የኔ ነው፣ ማህተም ያለበትና ከፍተኛ ቮልት የሚሄድበት ነገር የሻጩ ነው። ባትሪው፣ ኮንትሮለሩ፣ ቻርጀሩና ዲናሞው (ቸርኬውን የሚያዞረው) አይከፈቱም፣ በቃ። 72 ቮልት የሚባለው ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሲሆን እንደ አይነቱ እስከ 84 ቮልት ይደርሳል፣ ይሄ የመኪና ባትሪ አይደለም፣ ቁልፍ ወድቆ ሁለቱን ጫፍ ቢያገናኝ ብረቱ ይቀልጣል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ወንበሩ ስር ያለውን ብሬከር ዝቅ አድርጉ፣ ከዛ ነው ሌላው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ የኋላ ጎማ። አብዛኞቹ ሞተሮች ዲናሞው የኋላ ቸርኬው ውስጥ ነው ያለው፣ ጎሚስታዎቻችን ደሞ የለመዱት ባጃጅና ሳይክል ነው። ሸምገል ያሉ አንድ ጎሚስታ ቸርኬውን ሊያወጡ ሲሉ ሽቦው ያዛቸውና "ልጄ፣ ይሄ ቸርኬ ጅራት አለው እንዴ?" አሉኝ። አለው። ሦስት ወፍራም ሽቦና ከነሱ ጋር የሚሄዱ ቀጫጭኖች አሉ፣ ሳይነቀሉ ቸርኬው ከተጎተተ የሚበጠሰው በዋስትና የማይሸፈን ነገር ነው። ስለዚ ጎማው ከመነዳሪ የሌለው ከሆነ ቸርኬው ሳይወጣ ከላይ እንዲወተፍ አድርጉ። የግድ ይውጣ ከተባለ መጀመሪያ የሶኬቶቹን ቀለም፣ ከዛ የአክስሉን ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንሱ፣ ሮንዴላዎቹ በየትኛው ፊታቸውና በምን ተራ እንደገቡ ይታይ። ሶኬቱን ንቀሉ እንጂ ሽቦ አትቁረጡ፣ አታስቆርጡም። ሲመለስ ዳዶው መመሪያው ላይ ባለው ልክ ይጠበቅ፣ ከላላ አክስሉ ራሱ ዞሮ ሽቦውን ይቆርጠዋል፣ ይሄ ደሞ ከሰፈር ጉድጓድ በላይ ሞተር ገዳይ ነው። ነፋስ ስትሞሉ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛው ነው፣ ትክክለኛው መመሪያው ላይ ወይ ፍሬሙ ላይ ያለው ነው።

ፍሬን ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ። ሸራው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ይቀየር። ማንሻው ስር ሞተሩን የምትቆርጥ ትንሽ ማብሪያ አለች፣ ሽቦዋን አትጎትቱ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ይቀየራል፣ አይነቱን ክዳኑ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ዶት 3 ወይ ዶት 4 ይላል፣ ቀለም ስለሚልጥ ፕላስቲኩ ላይ እንዳይፈስ። ካቴና ያለው ከሆነ መሀሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ሜትር ይወዛወዝ፣ ከዛ በላይ አታክርሩት። ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ደሞ በየሳምንቱ ብሎኖቹን አንዴ በእጁ ይነካካቸው፣ የመስታወትና የታርጋ ብሎን ሳታውቁት ይወርዳል።

ውሃ ላይ ቀልድ የለም። ሐይቁ ዳር በፓምፕ ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን "ጋሼ በሁለት ደቂቃ" ብለው ጎማው መሀል ላይ ቱቦውን ሲተክሉ ውሃው ሶኬት ውስጥ ይገባል። ዝናብ መቻልና የፓምፕ ግፊት መቻል የተለያዩ ናቸው። ባልዲ፣ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ የክረምቱን ጭቃ አድርቃችሁ ከጠረጋችሁት እንዲያውም ይቀላል። እንደታጠበ ወይ ዝናብ እንደመታው አትቻርጁት፣ ይድረቅ።

ቻርጅ ላይ ደሞ መጀመሪያ ባትሪያችሁ ምን እንደሆነ እወቁ፣ ሁለቱ ተቃራኒ ጠባይ አላቸው። ሊቲየም ለወር የሚቆም ከሆነ ግማሽ አካባቢ ላይ ይቀመጥ፣ ሞልቶም ባዶም አይሁን። ሊድ አሲድ (እነዛ ስድስት ባለ 12 ቮልት የሆኑት) ደሞ ነድታችሁ እንደመጣችሁ ይሞላ፣ ባዶውን ካሳደራችሁት ይሞታል። ከስድስቱ አንዷን ብቻ በአዲስ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ አሮጌዎቹ ይጎትቷታል፣ ዋስትናውም በዛው ያበቃል። ቻርጀር ከሱቅ "ተመሳሳይ ነው" ተብሎ አይገዛም። መብራት ሲጠፋ ነቅላችሁ አስቀምጡ፣ ሲመጣ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት፣ የኛ ሰፈር መብራት ሲመለስ እንዴት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። የቤዛዊትን ዳገት ጭናችሁ ወጥታችሁ እንደገባችሁም ባትሪው ትንሽ ይብረድ፣ ከዛ ሰኩት።

ፍጥነቱን "ክፈትልኝ" ብሎ ሽቦ ማስቆረጥ፣ ከዋናው መስመር ላይ አላርም ወይ የስልክ ቻርጀር ቀጥሎ መውሰድ፣ እነዚህን ያደረገ ሰው ሻጩ ዋስትና ቢከለክለው እኔ አላዝንለትም። ሌላው ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው እቃና ደረሰኙ።

አልነሳም ካለ ደሞ ቶሎ አትደንግጡ። ስታንዱ ተነስቷል ወይ? የፍሬን ማንሻው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ወይ? ብሬከሩ ወርዷል ወይ? አንድ ቀን ጎረቤቴ ባትሪ ሞተ ብሎ ጠርቶኝ ሄጄ ስታንዱን በእግሬ ገፋ ሳደርገው ተነሳ፣ ቡና ጋበዘኝ። ብሬከሩ ግን አንዴ አንስታችሁት መልሶ ከወደቀ ሁለተኛ አትሞክሩ፣ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ቪዲዮ ቅረጹና ምንም ሳትፈቱ ለሻጩ ላኩት።