የዲ-ፎር-ዲ ፒካፕ፦ ጠዋት ነጭ ጭስ፣ ዳገት ላይ የዘይት መብራት

ጎንደር ውስጥ ያገለገለ ሃይሉክስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎሜትር ሄደ?» ብሎ ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ የማምነው አዳሩን የቀዘቀዘ ሞተር ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና በእጃችሁ ዳስሱት። ከሞቀ ደላላው ቀድሟችኋል፤ ነገ ተመለሱ።

ጥቁር ጭስና ዳገት ላይ መድከም፦ አሮጌው የሃይሉክስ ሞተር፣ 5ኤል፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የለውም፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። የአየር ማጣሪያው ንጹህ ከሆነ ቶሎ አትፍረዱበት። ሰማያዊ ጭስ ካየ ሰው ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ወይም፣ ካለው፣ ቱርቦ ይጠርጥር። ራዲያተር ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ዞር ብላችሁም አትዩት።

ራስ ምታቴ ባለ 3.0 ሊትሩ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ዲ-ፎር-ዲ፣ በሞተር ስሙ 1ኬዲ ነው። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት የተቃጠለ ጋዝ ፊት ይገርፋል። ጥፋተኛዋ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር (ናፍጣ ረጪ) ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ናት። እሷ ስታሳልፍ የቃጠሎው ጋዝ ሽቅብ ወጥቶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸቱ ይወርድና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ ገንዳው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ዘይት ይጠማል።

አንድ የአዘዞ ደንበኛዬ ሊማሊሞን ሲወጣ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም አለበት። ምን አደረግህ? «ዘይት ጨመርኩበት» አለኝ። ዘይቱ እኮ ሙሉ ነበር! እንዲሁ እየነዳ ጎንደር ገባ። ስንፈታው ወንፊቱ ላይ የጀበና አተላ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ተልጦ ኮሎውን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ፈትጎታል። በአራት ቀለበት የሚያልቀው ሥራ ሙሉ ሞተር አስገዛው።

አራቱንም ቀለበት በአንዴ ቀይሩ፤ መቀመጫቸው ላይ የጥላሸት ፍርፋሪ እንዳይቀር። ኢንጀክተሮቹ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቀዳዳ ይመለስ። አሮጌ ቀለበት በእሳት አግሎ የሚመልስ መካኒክ ካጋጠማችሁ የመኪናችሁን ቁልፍ ተቀበሉት። ከዚያ የታችኛውን የዘይት ገንዳ አውርዳችሁ ወንፊቱን እጠቡ። ይህን የሚዘል ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ አትጨምሩ፤ ጥላሸቱን ፈልቅቆ ወንፊቱ ላይ ይከምረዋል። ሞተሩ እየሠራ የናፍጣ ቱቦ አትፍቱ፤ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል።

ሻጩ ቀለበት የቀየረበትን ደረሰኝ ካሳየኝ ዋጋ ላይ ብዙ አልከራከርም። «ሞተሩ ተፈትቶ አያውቅም» ብሎ ከፎከረ ግን ወንፊቱን ሳላይ ቀብድ አልሰጥም።