ስማርት ባንዳችሁ ቻርጅ እምቢ ሲል፣ እና ሌሎች የእጅ ላይ ጣጣዎች

እጅ ላይ የሚታሰረው፣ እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥረው ስማርት ባንድ ሲያስቸግር ሪስታርት ማድረግ፣ አፑን አፕዴት ማድረግ፣ ብሉቱዝ አጥፍቶ ማብራት፣ ይሄን ሁሉ ሞክራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ አልደግመውም። ባህር ዳር ላይ ጠዋት ጣና ዳር የሚሮጠው፣ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣው፣ ሳይክል የሚነዳው ሰው ሁሉ አሁን ባንድ አስሯል፣ ሲበላሽ ደግሞ ስልክ ሰሪ ጋ ነው የሚመጣው፣ ማለትም እኔ ጋ። አብዛኛው የሚመጣው በአንድ ችግር ነው፣ በቻርጅ። እሱን ወደ ታች በሰፊው እናወራዋለን፣ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ላራግፍ።

እርምጃ አይቆጥርም ወይም ያበዛል፦ ሳይክል ስትነዱ እጃችሁ መሪ ላይ ነው፣ አይወዛወዝም፣ ስለዚህ አይቆጥርም። ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ ደግሞ መንገጫገጩን እርምጃ ብሎ ሊደምረው ይችላል፣ ባጃጅ ውስጥም ያው። አልተበላሸም። የሳይክል ሞድ ከፍታችሁ ንዱ።

የልብ ምት 170 ላይ ተቸነከረ፦ ዘና ብላችሁ እያወራችሁ እየሮጣችሁ 170 ካሳያችሁ የሚቆጥረው ልባችሁን ሳይሆን እግራችሁን ነው። ከስሩ ያለው አረንጓዴ መብራት የሚያየው ቆዳ ስር ያለው ደም ሲበዛና ሲያንስ ነው፣ ማሰሪያው ላልቶ እንደ አምባር እጃችሁ ላይ ወዲያ ወዲህ ካለ በየእርምጃው ይዘላል፣ ሴንሰሩም ዝላዩን ምት ይመስለዋል። የሯጭ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሚሆን ቁጥሩ እውነት ይመስላል፣ ሰውም ደንግጦ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ከእጅ አንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ ስትጨርሱ አላሉት። እዛ ቦታ ላይ ንቅሳት ካለ መብራቱን ይከለክላል፣ በሌላው እጅ ይሞከር።

እንቅልፌን አይመዘግብም፣ የጠዋት ሩጫዬ የትናንት ላይ ገባ፦ ይሄ የኛ ሀገር ብቻ በሽታ ነው። በሐበሻ ሰዓት ለማየት ብላችሁ የስልካችሁን ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሳችሁታል፣ ባንዱ ደግሞ ሰዓት የሚወስደው ከስልኩ ነው። ለሱ ቀኑ የሚቀየረው የኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ስለዚህ ንጋት 11 ሰዓት ተነስታችሁ የሮጣችሁት ትናንት ላይ ይደመራል። ማታ 4 ሰዓት ስትተኙም እሱ ጋ ገና 16:00 ነው፣ የቀን ሸለብታ ብሎ የሚያልፈው ባንድ አለ። የስልኩን ሰዓት ወደ አውቶማቲክ መልሱትና ባንዱን ከስልኩ ጋር ሲንክ አድርጉ። 6 መቀነስ ደግሞ ከልጅነታችሁ የምታውቁት ነው።

ኖቲፊኬሽን እየቆየ ይመጣል፦ ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን ከጀርባ እየገደለው ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ ለሱ አፕ የባትሪ ገደቡን አንሱለት።

የሮጥኩበት መንገድ አይታይም፦ ብዙዎቹ ባንዶች የራሳቸው ጂፒኤስ የላቸውም፣ የስልኩን ነው የሚጠቀሙት። ስልክ ቤት ጥላችሁ ወጥታችሁ ካርታ አትጠብቁ።

ውሃ ገባበት፦ 5 ኤቲኤም ተብሎ የተጻፈው 50 ሜትር ትጠልቃላችሁ ማለት አይደለም፣ የቆመ ውሃ ግፊት የሚለካበት ነው። ከጀልባ ላይ መዝለል ሌላ ነገር ነው። ሙቅ ሻወር፣ ስቲምና ሳሙና ደግሞ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ያደክሙታል። (ጣና ዳር ቢልሃርዚያ እንዳለም አትርሱ፣ ከባንዱ እናንተ ትበልጣላችሁ።)

አሁን ወደ ቻርጁ።

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ቻርጀሩ ላይ ስታስቀምጡት ንዝር ይላል፣ መብረቋ ትታያለች፣ ከዛ ትጠፋለች። ወይ በጣት ተጭናችሁ ስትይዙት ብቻ ይሞላል። ወይ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ጠዋት 4% ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ባትሪው ሞቷል» ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ባትሪው ምንም አልሆነም። ባንዱን ገልብጡና ፒኖቹን (ቻርጀሩ የሚነካቸውን ትናንሽ ብረቶች) በስልክ ካሜራ አንስታችሁ ፎቶውን አጉሉት። አንደኛዋ ፒን ጠቁራለች ወይ አረንጓዴ አውጥታለች፣ ሌላዋ ደህና ናት።

ለምን አንዷ ብቻ? ከሩጫ መጥታችሁ ላብ ያለበትን ባንድ ፈታችሁ እንዳለ ቻርጀሩ ላይ ስለምታስቀምጡት። ላብ ጨው አለው፣ ጨው ያለበት ውሃ ከረንት ያስተላልፋል፣ ያ ከረንት በፖዘቲቭ በኩል ያለውን ብረት እያሟሟ ይበላዋል። ፒኗ ላይ ያለው ቅብ በጣም ስስ ነው፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ከስሩ ያለው ብረት ይዝጋል። ላዩ ላይ ሎሽንና ቫዝሊን ከአቧራ ጋር ተለጥፎ ይደርቃል፣ ጭራሽ አይነካካም።

ቤዛዊትን በየጠዋቱ የሚወጣ አንድ ልጅ «ወንድሜ ሦስተኛ ቻርጀሬ ነው፣ ሁሉም ፎርጅድ ናቸው» ብሎ እየተሳደበ መጣ። ባንዱን ስገለብጠው ፒኗ ጎድጉዳለች። ሻወር እስኪጨርስ እያለ በየቀኑ እርጥቡን ይሰካው ነበር። ሌላ ጋሼ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው «አበራሁት እኮ» ብለው አሳዩኝ፣ እውነትም ያበራል፣ ቅቡ ግን ሙልጭ ብሎ ሄዷል፣ ብዙም ሳይቆይ ከበፊቱ ብሶ ዛገ። በሎሚ ያሸም አለ። ውሃውን ይመጥልኛል ብላ ጤፍ ውስጥ ቀብራ ያሳደረችም አለች፣ ፒኖቹ ያሉበት ጎድጓዳ ውስጥ የተሰነቀረችውን ፍሬ በመርፌ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እባካችሁ ጤፉን ለእንጀራ ተዉት።

አጸዳዱ፦ ከቻርጀር ንቀሉት፣ አጥፉት። ከፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ትንሽ ነክራችሁ ፒኖቹን እሹ፣ ጥጡ ጥቁር እያወጣ ከሆነ ቀይሩና ድገሙ። ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ጄሉ ይቀራል። ቤንዚን አይሆንም፣ ሽቶም አይሆንም። የደረቀውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥጉን በስቴኪኒ እንጂ በምላጭ አይደለም። አረንጓዴው እምቢ ካለ የእርሳስ ላጲስ ጫፉን አሹሉና ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ፣ ፍርፋሪውን ጥረጉ። ቻርጀሩንም እዩት፣ የሱ ፒኖች ስፕሪንግ አላቸው፣ በስቴኪኒ ጫን ስትሉት ተመልሳ ካልወጣች ችግሩ እሷ ናት፣ አልኮል ጠብ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ጫን ጫን አድርጓት። ሁሉም እስኪደርቅ ጠብቁና ሰኩት። ለረጅም ጊዜ ባዶውን የቆየ ባንድ ቶሎ ምልክት ላያሳይ ይችላል፣ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተዉት። ፒኗ ተበልታ ከጎደጎደች ግን ላጲስም አልኮልም አያድናትም፣ ቁርጡን እወቁት።

ከዛ በኋላ ከሩጫ ስትመለሱ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ከዛ ነው ቻርጅ።

የምትሰኩበትም ወሳኝ ነው። የባጃጅ ላይ ርካሽ ቻርጀር፣ ስሙ የማይታወቅ «ፋስት» የሚል ነገር፣ ተዉኝ። 5 ቮልት በቂው ነው፣ ላፕቶፕ ላይ መሰካት ይሻላል። መብራት ከሄደ ንቀሉት፣ ሲመጣ ነው የሚያቃጥለው። ገመዱን ኮፒ ከገዛችሁ የሞዴሉን ቁጥር አመሳክሩ፣ ቅርጹ ገጥሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የተገላበጠ አጋጥሞኛል።

ስክሪኑ በአንድ ጎን ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል፣ ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑት፣ በሱፐር ግሉ መልሳችሁ አታጣብቁት፣ እንዳለ አምጡት።