ኪስ የምትገባ ዲጂታል ካሜራ፦ እንዴት መርጠን እንግዛት፣ እንዴትስ እንጠቀምባት?

"ስልክ እያለ ትንሽ ካሜራ ምን ይሠራል?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ሁለት ነገር አላት፤ እውነተኛ ዙም እና እውነተኛ ፍላሽ። በሌላው ነገር ደህና ስልክ ብዙ ጊዜ ይበልጣታል። ይህን አውቆ የገዛት ሰው ይደሰትባታል። ስልኬን ትተካለች ብሎ የገዛት ግን በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ "የሚሸጥ" ብሎ ይለጥፋታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን አምራቾች ከ100 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ካሜራዎችን ወደ ገበያ ልከው ነበር። በ2023 ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የበላቸው ስልክ ነው። ስለዚህ አሮጌዎቹ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ቤት ፈትሹ፣ ከዚያ የአክስታችሁን። ሰሞኑን ወጣቶች በቲክቶክ መልሰው ስላነሷቸው ዋጋቸው ከሚገባቸው በላይ ወጥቷል። አሥር ዓመት ያለፋትን ካሜራ በአዲስ ዋጋ አትግዙ።

1. ሜጋፒክስል መቁጠር ይቅር

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሜጋፒክስሉን ነው። እናንተ ግን ሴንሰሩን ጠይቁ፤ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል እሱ ነው። በአብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 6 በ4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚያች ላይ 20 ሚሊዮን ነጥብ ቢታጨቅ፣ እያንዳንዷ የምታገኘው ብርሃን ኢምንት ነው። ቀን ቀን አይታወቅም። ሲመሽ ግን ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሻል ያሉት ባለ አንድ ኢንች የሚባሉት ናቸው። የሴንሰራቸው ልክ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት ከትንሹ አራት እጥፍ ይሆናል። በ2012 የወጣችው ሶኒ አርኤክስ100 እና በ2014 የወጣችው ካኖን ጂ7 ኤክስ ከዚህ ወገን ናቸው። ቤት ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ ማታ ማታ የምታነሱ ከሆነ እነዚህን ፈልጉ። ጉዞና የዱር እንስሳ ከሆነ ፍላጎታችሁ ደግሞ ባለ 30 እጥፍ ዙሟን ያዙ፣ ሴንሰሯ ትንሽ ቢሆንም። ሁለቱንም አሟልታ ኪስ የምትገባ የለችም። አለች የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

2. ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን በችኮላ አትለፉት። አብሩና ሌንሷ ሲወጣ ጆሯችሁን አስጠጉ። የመፋጨት ድምፅ ካለ አሸዋ ገብቷታል ማለት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ "ሌንስ ኤረር" ብላ ትዘጋለች፣ ጥገናው ደግሞ ከዋጋዋ አይተናነስም። ዙሙን እስከ ጫፍ ወስዳችሁ መልሱ። ከዚያ ዙም እንዳደረጋችሁ ንጹህ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አስፉና ጥግ ጥጉን ተመልከቱ። ግራጫ ክብ ነጥቦች ካሉ አቧራ ሴንሰሩ ላይ አርፏል። በትልቅ ካሜራ ሌንሱን ነቅሎ መጥረግ ይቻላል። የዚህችኛዋ ሌንስ አይነቀልም፤ በወጣና በገባ ቁጥር አየር ይስባል፣ ከአየሩም ጋር አቧራ። በጋውን አዲስ አበባ ወይም መቀሌ የኖረች ካሜራ ከሆነች ይህን ሙከራ ሁለቴ ሥሩት።

ባትሪዋን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት። ከተወዛወዘ አብጧል። "ኦርጅናል ነው" ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ባትሪ ውስጥ እያለ አብጦ በጉጠት ነው ያወጣሁት። ቻርጀሩ ላይ 100-240 የሚል ካለ ከአሜሪካም ቢመጣ የእኛን መብራት ይችላል፤ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሚሞሪ ካርዱንም ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ከ2 ጊጋ በላይ ያለውን ኤስዲ ካርድ አያነቡም። ካሜራዋ ተበላሽታ ሳይሆን ካርዱ ስለበዛባት ነው።

3. ሜኑ ውስጥ የምትነኳቸው

ዲጂታል ዙምን አጥፉት። ዙም አይደለም፤ የተነሳውን ፎቶ ቆርጦ ማስፋት ነው፣ ያንን ቤት ገብታችሁ በስልክም ትሠሩታላችሁ። የፎቶውን መጠን ትልቁ ላይ አድርጉ። ፎቶው ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቀን የሚጽፈውንም ዝጉት፣ ኋላ አይለቅም (ለናፍቆት ብላችሁ ከሆነ እሺ)።

ሰዓቱን ስትሞሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ 14፡00 ብላችሁ ሙሉ። ዝም ብላችሁ 8፡00 ካላችሁ የካሜራውና የስልኩ ፎቶዎች አንድ ላይ ሲገቡ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

4. ቁልፉን ግማሽ ድረስ መጫን

ትንሽ ካሜራ ቀርፋፋ ናት። ሙሉ በሙሉ ስትጫኑት መጀመሪያ ፎከስ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ብርሃን ትለካለች፣ ከዚያ ነው የምታነሳው። እስከዚያ ልጁ ሮጦ ከፎቶው ወጥቷል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ግማሽ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ፤ አረንጓዴው ሳጥን ሲመጣ ጠብቁ፤ ጊዜው ሲደርስ ቀሪውን ተጫኑ። በቃ።

5. ነጭ ልብስና ጠይም ፊት

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ካሜራዋ ጥሩ አይደለችም ብለው የሚጥሏት ሰዎች አብዛኞቹ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ካሜራዋ ሰው ይሁን ግድግዳ አታውቅም። ከፊቷ ያለውን ብርሃን ለክታ በአማካይ ግራጫ እንዲሆን ነው የምትጥረው። ጥምቀት ላይ እንዳላችሁ አስቡ። እኩለ ቀን ነው፤ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሁሉ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ነው። ካሜራዋ "ብርሃኑ በዛ" ብላ ትቀንሳለች። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ነጩ ነጠላ ያልታጠበ ይመስላል፣ የእናታችሁ ፊት ደግሞ ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይታይም። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ይገለበጣል። ጀርባው ጨለማ ነው፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ካሜራዋ "ጨለመ" ብላ ትጨምራለች፣ ፊቱ ላብ እንደወረዛው ነጭቶ ይወጣል።

መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት። መጀመሪያ ግን ካሜራዋን ከአውቶ ወደ ፒ (P የሚል ምልክት) አዙሯት፤ አውቶ ላይ እያለች ይህ ቁልፍ ብዙ ጊዜ አይታዘዝም። ከዚያ ነጭ ልብስ ፎቶውን ከሞላው ወደ መደመር ሂዱ፣ ጥቁር ከሞላው ወደ መቀነስ። ይህ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ነጭ እያለ ብርሃን መጨመር ምን ይባላል? ካሜራዋ ያለአግባብ የቀነሰችውን መመለሳችሁ ነው።

ቁልፏን ስትነኩ ከሚመጡት ቁጥሮች ስንት ልጨምር ለሚል፣ መጻሕፍቱ 1 ወይም ከዚያ በላይ ይላሉ። እኔ በትንሽ ሴንሰር ላይ ከ0.7 አላልፍም። ምክንያቱም ትንሽ ሴንሰር አንዴ ነጭ ብሎ የተቃጠለበትን ቦታ በምንም ኤዲቲንግ አይመልሰውም። የጠቆረ ፊትን ግን በመጠኑ ማንሳት ይቻላል። የምፈትሽበት መንገድ ይህ ነው፤ አንድ ፎቶ አንስቼ ነጠላው ትከሻ ላይ የታጠፈበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ አሰፋለሁ። የፈትሉ መስመርና የእጥፋቱ ጥላ ከታየ ደህና ነው። እንደ ወረቀት ልሙጥ ከሆነ አብዝቻለሁ፣ 0.3 እመልሳለሁ። ጥለቱን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ቀለም ስላለው የሚቃጠለው መጨረሻ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ራሱ ስለማይታይ፣ ይህን ስትሠሩ ጃንጥላ ስር ግቡ ወይም ጋቢያችሁን ከልሉበት።

ታዲያ ነጠላው ዳር ላይ ከደረሰ፣ ፊቱ ደግሞ አሁንም ከጠቆረስ? ፍላሽ አብሩ። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰዎቹ ለፀሐይ ጀርባቸውን ይስጡ፤ ዓይናቸውንም አይጨፍኑም፣ አፍንጫቸው ስርም ጥላ አይኖርም። ሁለት ሜትር ላይ ቁሙና ፍላሹን አውቶ ላይ ሳይሆን በግድ እንዲበራ አድርጉት። ትንሿ ካሜራ ትልልቆቹን የምትበልጥበት አንድ ቦታ እዚህ ነው። ትልልቆቹ አብዛኞቹ ከ1/250 ሰከንድ ገደማ በላይ ሲፈጥኑ ያለ ልዩ ዘዴ ከፍላሻቸው ጋር አይገጥሙም። የትንሿ መዝጊያ (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) ሌንሷ ውስጥ ስለሆነ ብዙዎቹ ከዚያ በጣም ፈጥነውም ይሠራሉ። በስልክ ይህን ለመሞከር አትድከሙ፤ የስልክ መብራት ቀን ላይ ከነመኖሩም አይታወቅም።

ከሰዎቹ አጠገብ ዛፍ ወይም የግንብ ጥላ ካለ ግን ያልኩትን ሁሉ ተዉትና ወደ ጥላው ውሰዷቸው።

6. ሲመሽ

ፍላሿ ጠንካራ ናት ስል ከሦስት ሜትር ወዲህ ነው። ደመራ ሲለኮስ መስቀል አደባባይ ያለውን ተመልከቱ፤ በየአቅጣጫው ፍላሽ ይብለጨለጫል። ያ ሁሉ ብርሃን እሳቱ ጋ አይደርስም። የሚያበራው ከፊት የቆመውን ሰው ማጅራት ነው፤ ካሜራዋም ለማጅራቱ አስተካክላ ደመራውን ታጠፋዋለች። ፍላሹን ዝጉ። ካሜራዋን አጥር ወይም የሆነ ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር አድርጉና እጃችሁን አንሱ። ታይመሩ ቁልፉን ስትጫኑ የሚመጣውን ንቅናቄ ይገላግላችኋል።

አይኤስኦ (ISO፣ ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ስሜት) በትንሹ ሴንሰር ከ400፣ በአንድ ኢንቹ ከ1600 ባያልፍ ይሻላል። ዙም ደግሞ አታድርጉ፣ ወደፊት ተራመዱ። አርኤክስ100 ሳትዘረጋ የሌንሷ ቀዳዳ ኤፍ 1.8 ነው፤ ዙሟ ሲያልቅ 4.9 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል። ይህ ማለት የምታስገባው ብርሃን ከሰባት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ማታ ላይ ዙም የምታደርጉ ሰዎች ለምን ፎቶው ተንቀጠቀጠ አትበሉ።

ቡና ሲፈላ ፍላሽ አይሞከርም። የዕጣኑን ጭስ ሲመታው ጀበናውም ቡና የምታፈላውም ነጭ ጉም ውስጥ ይገባሉ። መስኮት አጠገብ እንዲሆን አድርጉና በመስኮቱ ብርሃን አንሱ፤ ጭሱም ያኔ ነው የሚያምረው። እውነቱን ለመናገር ግን መስኮት በሌለበት ጨለማ ክፍል ስልካችሁን አውጡ። ስልክ ብዙ ፎቶ በአንዴ አንስቶ ያዋህዳል፤ አሮጌዋ ካሜራ ይህን አታውቅም።

7. ዙም እና ቅርብ ነገር

ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ የምታነሱበት ቀን ባለ 30 እጥፍ ዙሟ ካሜራ ዋጋዋን የምትመልስበት ቀን ነው። ፀሐይ እስካለ ድረስ የወንዱን ጭላዳ ደረት ቀይ መልክ ከሩቅ ታመጣዋለች፣ ስልክ ደግሞ ቡናማ ነጥብ ያሳያችኋል። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ ሦስት አራት ደጋግማችሁ አንሱ። የሰው ፊት ስታነሱም ትንሽ ዙም አድርጉና ወደኋላ ራቁ። ተጠግቶ ሳይዘረጉ ማንሳት አፍንጫ ያገዝፋል፤ ኋላ ቅያሜው ለእናንተ ነው።

ለአበባና ለጌጣጌጥ የአበባ ምልክት ያላትን ቁልፍ ተጫኑ፣ ዙሙን ሙሉ በሙሉ መልሱና ተጠጉ።

8. ቤት ስትገቡ

ካርዱን አውጥታችሁ በካርድ ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ገልብጡ፤ በኬብል ከመታገል ይሄ ይቀላል። መገልበጡን ሳታረጋግጡ አትሰርዙ። ካርዱን ስታጸዱም ካሜራዋ ውስጥ ሆኖ ፎርማት አድርጉት። ጂንስ ኪስ ውስጥ ራቁቷን አትያዟት፤ የኪስ ብናኝ ሌንሷ ስር ይገባል፣ ትንሽ ቦርሳ ወይም ንጹህ ካልሲ ይበቃል። ለወራት የማትጠቀሙባት ከሆነ ባትሪዋን አውጡ።

ፎቶውን ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን "ፋይል" የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። አለዚያ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ከስልክ ፎቶም አይለይም። ኢንተርኔቱ ከከበደባችሁ ሁሉንም አትላኩ፤ ለማተም የሚሆኑትን አምስት ስድስቱን ምረጡ።