«ሬይን ቼክ»ን እንዴት እንጠቀምበት?

አሜሪካ ውስጥ የሥራ ባልደረባችሁን ምሳ ጋበዛችሁት እንበል። «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» ብሎ መለሰላችሁ። ዝናብ የለም፤ ቼክም የለም። ሊላችሁ የፈለገው ግን ግልጽ ነው፦ «ዛሬ አልችልም፤ ግብዣው ይቆየኝ።»

አባባሉ በደንብ እንዲገባን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። መነሻው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ቤዝቦል ሜዳ ነው። ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ የትኬቱን ቁራጭ ይዞ ሌላ ቀን ይገባ ነበር። «ቼክ» የተባለችው ያቺ ቁራጭ ናት፤ የባንክ ቼክ አይደለችም። ሰውየው አንዴ ከፍሏል። ጨዋታው ይዘገይበታል እንጂ አይቀርበትም።

እንግዲህ ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሌላ ቀን የእውነት መሄድ እፈልጋለሁ? ካልፈለጋችሁ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ይበቃል። ለይስሙላ «ሬይን ቼክ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ጋባዡ አምኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ከልባችሁ ከሆነ አመስግኑ፣ ምክንያቱን ባጭሩ ተናገሩ፣ ከዚያ ጠይቁ። ለምሳሌ ዓርብ ቀን በርገር እንብላ ተባላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጾም ላይ ናችሁ። «ታንክስ! አይም ፋስቲንግ ቱዴይ። ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» በሉ። እዚያ ላይ ግን አታቁሙ። «ሃው አባውት መንዴይ?» (ሰኞስ?) ብላችሁ ቀን ጥሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ግብዣውን ያስተላለፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጋባዡ ሁለተኛ እንዲለምናችሁ አታድርጉት። የቀረባችሁን ነገር መጥራት ከፈለጋችሁ «ኦን» ጨምሩ፦ «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ ኦን ዘ ሙቪ?»

ለሐኪም ቀጠሮ ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ አይሆንም። እዚያ «ሪስኬጁል» (ቀጠሮ ማዛወር) ነው ቃሉ። አባባሉ አሜሪካዊ ስለሆነ ከእንግሊዞች ጋር ስትሆኑ «ሰም አዘር ታይም» (ሌላ ጊዜ) ብትሉ ይቀላል።

ሱፐርማርኬት ውስጥም ትሰሙታላችሁ። አንዳንድ የአሜሪካ መደብሮች ቅናሽ ያወጡበት ዕቃ ሲያልቅባቸው «ሬይን ቼክ» የምትባል ወረቀት ይሰጣሉ። ዕቃው ሲመጣ በዚያው በቅናሹ ዋጋ ትገዙበታላችሁ። ሳይነግሯችሁ ሊቀሩ ስለሚችሉ ካሸሩን ጠይቁ። ወረቀቷ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎ እንደሆነም አይታችሁ ኪሳችሁ ክተቷት።