የደጋና የቆላ ዝናብ በአንድ ኤሪያ ቻርት፦ ንብርብሮቹ እንዳይሸፋፈኑ፣ ቀለሞቹ እንዳይቀያየሩ

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የሁለቱን ወርሃዊ ዝናብ በአንድ ቻርት ማየት በልጉንና ክረምቱን ለማነጻጸር ይጠቅማል። ኤክሴል በራሱ የሚያወጣው ኤሪያ ቻርት (ከመስመሩ በታች ያለው ቦታ በቀለም የተሞላ ቻርት) ግን አንዱን በሌላው ይሸፍነዋል፤ ቀለሙም ከቻርት ቻርት ይለዋወጣል።

ሰንጠረዡ ላይ ወራትን ወደ ታች፣ ቦታዎችን ወደ ጎን ይጻፉ። ለጳጉሜን የራሷ ረድፍ አይስጧት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ዝናቡ ድንገት የቆመ ያስመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ይደምሯት። መረጃው በፈረንጅ ወር ከመጣም ስሙን ብቻ መቀየር አይበቃም፦ ጁላይ ማለት ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። የዕለቱን መዝገብ አግኝቶ እንደገና መደመር ይሻላል። ያልተለካ ወር ባዶ ከቀረ ኤሪያ ቻርት እንደ ዜሮ ይስለዋል። እንዲህ ያለ ክፍተት ካለ የመስመር ቻርት ይጠቀሙ።

ሰንጠረዡን መርጠው ከኢንሰርት ውስጥ ተራውን ባለ ሁለት ገጽታ ኤሪያ ይውሰዱ። ባለ ሦስት ገጽታውን ይተዉት፤ የኋላውን ከመደበቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ስታክድ ኤሪያ አንዱን በሌላው ላይ ይቆልላል። ለመንዝ የገብስና የስንዴ ኩንታል ይሆናል፣ ድምሩ ትርጉም አለውና። ደብረ ብርሃን 200፣ ሸዋ ሮቢት 150 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ግን 350 የዘነበበት ቦታ የለም።

ዋናው ሥራ ንብርብሩ ነው። ኤክሴል በዝርዝሩ መጀመሪያ ያለውን ከኋላ፣ መጨረሻ ያለውን ከፊት ይስላል። ቻርቱን በቀኝ ጠቅ አድርገው በሰሌክት ዳታ ውስጥ ባሉት ቀስቶች ትልቁን ወደ ላይ ያውጡት። በበልግ አንዱ፣ በክረምት ሌላው ከበለጠ ግን ቅደም ተከተል ብቻውን አያድንም። ያኔ በፎርማት ዳታ ሲሪስ፣ ፊል፣ ሶሊድ ፊል በኩል ገብተው የኋላውን ትራንስፓረንሲ 20፣ የፊቱን 50 በመቶ ያድርጉ። አሳላፊ ቀለሞች ሲደራረቡ ግን ይቀላቀላሉ። ቢጫና ሰማያዊ ከሆኑ መሃል ላይ አረንጓዴ ሊመስል ይችላል፣ አንባቢም ሦስተኛ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጠርዝ አሳላፊ ያልሆነ መስመር ያስፈልጋል። የኤሪያው ቦርደር ጎኑንና ግርጌውንም ስለሚከብ አያምርም። ያንኑ መረጃ ደግመው ጨምረው ዓይነቱን ወደ ላይን ይለውጡ፣ ውፍረቱን 2 ነጥብ ያድርጉ፣ የተደገመውን ስም ከሌጀንዱ (ከቀለም መግለጫው) ይሰርዙ። ኤሪያው ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ከራቀ በአግድሙ አክሲስ (በወራቱ መስመር) ፎርማት ውስጥ አክሲስ ፖዚሽኑን ኦን ቲክ ማርክስ ያድርጉት። ከሦስት ንብርብር በላይ ግን ይጨቀያል፤ ያኔ ለየቦታው ትንንሽ ቻርት ሠርተው የሁሉንም የቁም አክሲስ ከፍተኛ ቁጥር እኩል ያድርጉ።

ቀለም የሚታደለው በተራ እንጂ በስም አይደለም። ሌላ ሰንጠረዥ በመሐል ሜዳ ከተማ ከጀመረ የደብረ ብርሃንን ቀለም መሐል ሜዳ ይወስደዋል። ቴምፕሌት ማስቀመጥም አይፈታውም፣ እሱም የሚከተለው ተራን ነው። የዓምዶቹ ተራ በሁሉም ሰንጠረዥ አንድ ይሁን። ከዚያ በፔጅ ሌይአውት፣ ከለርስ፣ ከስተማይዝ ከለርስ ውስጥ አክሰንት 1ን (የመጀመሪያውን ዓምድ ቀለም) ሰማያዊ (0፣ 114፣ 178)፣ አክሰንት 2ን (የሁለተኛውን) ብርቱካናማ (230፣ 159፣ 0) ያድርጉ፤ በቅንፍ ያሉት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኖች ናቸው። አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ፈካ ያለ ስለሆነ በጥቁርና ነጭ ቢታተምም ይለያሉ። ወደ ወርድ ሲገለብጡ ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ የወርዱ ቴም (የራሱ የቀለም ስብስብ) ቀለሞቹን ይለውጣቸዋል።