አሰልጣኙና ቡድኑ ይስማማሉ? በደብተርና በቆርኪ እንዴት እንደሚታወቅ

እሁድ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። አንዱ "ተጫዋቾቹ ናቸው የማይረቡት" ይላል። ሌላው "ባክህ፣ ችግሩ አሰልጣኙ ነው" ይላል። እኔም ለዓመታት አንዴ ከዚህኛው፣ አንዴ ከዚያኛው ወገን ሆኜ ጮኬያለሁ። አሰልጣኙም ጎበዝ፣ ተጫዋቾቹም ጎበዝ ሆነው አብረው ግን አልሆን የሚሉበት ጊዜ እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የገባኝም ቴሌቪዥን በማየት ሳይሆን በገዛ እጄ አንድ የሰፈር ቡድን አበላሽቼ ነው። እሱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና አስራ አንድ ቆርኪ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. አጨዋወቱን ያለ ቁጥር ጻፉ

"4-3-3 ነው የሚጫወተው" ብላችሁ አትጀምሩ። ቁጥሩ ተጫዋቹ የት እንደሚቆም እንጂ ምን እንደሚሠራ አይነግራችሁም። ሦስት ጥያቄ ብቻ መልሱ። ኳስ ሲይዙ እንዴት ይወጣሉ? ኳስ ሲነጠቁ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ምን ያደርጋሉ? ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ የተከላካይ መስመራቸው የት ነው? መልሱ በሦስት መስመር ካላለቀ አጨዋወቱ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ለዚህ አሰልጣኙ ከዚህ በፊት የሠራበትን ክለብ ሁለት ሙሉ ጨዋታ እዩ። አንዱ ያሸነፈበት፣ አንዱ የተሸነፈበት ይሁን። ሃይላይት፣ ማለትም ምርጥ ምርጡ ብቻ የተቆራረጠበትን ቪዲዮ አትዩ። በሃይላይት ሁሉም ቡድን ባርሴሎና ነው።

2. ምሰሶዎቹን ፈልጉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው፤ እኔን ጨምሮ።

እያንዳንዱ አጨዋወት የሚቆመው በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ላይ ነው። ሌላው ቦታ ላይ ደህና ተጫዋች ከተገኘ ይበቃል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ግን ትክክለኛው ሰው ከሌለ የቀረው ኮከብ ቢሆን አያድንም።

ማንቸስተር ሲቲን ውሰዱ። ፔፕ ጋርዲዮላ በ2016 ሲመጣ መጀመሪያ የነካው በረኛውን ነው። ጆ ሃርት የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በረኛ ነበር፤ ከሲቲ ጋር ሁለት ጊዜ ሊጉን በልቷል። በውሰት ወደ ቶሪኖ ተላከ። ያኔ "ይሄ ሰውዬ አብዷል" ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ሃርት ኳስ በማዳን አይታማም ነበር። ግን የፔፕ ጨዋታ የሚጀምረው ከበረኛው እግር ነው። ከባርሴሎና የመጣው ክላውዲዮ ብራቮም አልሆነም። ኤደርሰን በ2017 ከቤንፊካ እስኪመጣ ያ ቦታ ክፍት ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምሰሶ የመስመር ተከላካዮቹ ነበሩ። ዛባሌታ፣ ሳኛ፣ ክሊሺ፣ ኮላሮቭ። አራቱም ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው። ፔፕ ደግሞ ከመስመር ተከላካይ የሚፈልገው ወጥቶ መመለስን፣ እንደገና ወጥቶ መመለስን ነው። የመጀመሪያው ሲዝን በ78 ነጥብ፣ በሦስተኛ ደረጃ፣ ያለ ዋንጫ አለቀ። በ2017 ክረምት አራቱም ሄዱ። ዎከር፣ ሜንዲና ዳኒሎ መጡ። በሚቀጥለው ሲዝን 100 ነጥብና 106 ጎል።

አሁን ልብ በሉ። ዴ ብሩይነ፣ ዳቪድ ሲልቫ፣ አጉዌሮ፣ ፈርናንዲንሆ፣ ስተርሊንግ በሁለቱም ሲዝን ነበሩ። ሌላም የተቀየረ ነገር ነበር፤ አልክድም። ግን ሃያ ሁለት ነጥብ በአብዛኛው የመጣው ማንም ማሊያቸውን ከማይገዛላቸው ቦታዎች ነው።

ታዲያ ምሰሶው እንዴት ይገኛል? ቆርኪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። አንድ በአንድ እያነሳችሁ "እዚህ መካከለኛ ተጫዋች ቢቆም ያ የጻፍኩት ሦስት መስመር ይሠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። "አይሠራም" ያላችሁበትን ቆርኪ ገልብጡት። ከሦስት በላይ ከገለበጣችሁ ዋሽታችኋል፤ እንደገና ጀምሩ። ሌላም ምልክት አለ። አሰልጣኙ በመጀመሪያው የዝውውር መስኮት (ክለቦች ተጫዋች እንዲገዙ በሚፈቀድበት ወቅት) ማንን ገዛ? ማንን ጎበዝ ሰው ከሜዳ ውጭ አስቀመጠ?

ምሰሶው አንዳንዴ እዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ስም ይዞ ተቀምጧል። አንቶኒዮ ኮንቴ በሴፕቴምበር 2016 በአርሰናል 3 ለ 0 ተመታ። ከዚያ ቼልሲን ወደ ሦስት ተከላካይ ቀየረው። የዚህ አጨዋወት ምሰሶ ዊንግባኮቹ፣ የመስመር ተመላላሽ የምንላቸው ናቸው። በግራ አዲስ የመጣው ማርኮስ አሎንሶ ነበር። በቀኝስ? ቪክቶር ሞሰስ። ሦስት ሲዝን በውሰት ሲንከራተት የቆየ የክንፍ አጥቂ! የመስመር ተከላካዩን አዝፒሊኩዌታን ደግሞ ሦስተኛ የመሀል ተከላካይ አደረገው። አስራ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ አሸነፉ፤ በ93 ነጥብ ዋንጫ አነሱ።

በወረቀት ላይ ተመሳሳይ 3-4-3 ይዞ ሩበን አሞሪም በኖቬምበር 2024 ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። ከስፖርቲንግ ጋር ሁለት ጊዜ የፖርቱጋልን ሊግ የወሰደ ሰው ነው፤ ሥራውን አያውቅም የሚል ካለ አልሰማውም። ግን ቆርኪዎቹን ደርድሩ። ዳሎና ማዝራዊ የመስመር ተከላካዮች ናቸው። አማድ አጥቂ ነው። ሙሉውን መስመር ብቻውን የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው መስኮት ፓትሪክ ዶርጉ ከሌቼ የተገዛው። መሀል ሜዳውን ሁለት ሰው ብቻ ይሸፍነዋል፤ እዚያ ደግሞ ካሴሚሮና ኤሪክሰን ነበሩ፤ ሁለቱም በሠላሳዎቹ። ሲዝኑ በ42 ነጥብ፣ በ15ኛ ደረጃ አለቀ። ቢልባኦ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜውንም በቶተንሃም 1 ለ 0 አጡት።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን ልጆች ለክረምት ውድድር "አሰልጥነን" አሉኝ። የፔፕን ቡድን ሳይ የከረምኩ ሰው ነኝ። ኳስ ከበረኛ ተመስርቶ ካልወጣ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ሁለቱ የመሀል ተከላካዮቼ የስልክ እንጨት የሚያካክሉ፣ በቴስታ የሚያህላቸው የሌለ ነበሩ። ኳስ እግራቸው ስር ስትገባ ግን እሳት የረገጡ ይመስላሉ። በረኛዬ በእጁ አንበሳ ነው፤ በእግሩ የሚያውቀው መለጋት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነበር። በረኛው ኳሷን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

"ኮች፣ ልለጋት?"

"አትለጋትም! ለቅርቡ ስጥ!"

ሰጠ። ኳሷ ትንሽ ተንከባልላ ኩሬ ውስጥ ቆመች። የተጋጣሚ አጥቂ እንደ ጠፋ ዕቃው አንስቶ አገባት። በሃያ ደቂቃ ሦስት ለባዶ። ከእረፍት በኋላ ልጁ ሳያስፈቅደኝ መለጋት ጀመረ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ሌላ ጎል አልገባብንም።

ለዚያ አጨዋወት የሚያስፈልጉኝ ሦስቱም ምሰሶዎች አልነበሩኝም። የነበረኝን ማለትም ሁለት ረጃጅም ልጆችና ፊት ላይ የሚበር አንድ አጥቂ ሥራ ፈት አድርጌ አቆምኳቸው። ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ያ በረኛ ከሩቅ "ኮች፣ ልለጋት?" ይለኛል። እናንተ ደብተሩን ከጨዋታው በፊት ክፈቱ።

3. ለምሰሶዎቹ ስምና ውጤት ስጡ

ለገለበጣችሁት ለእያንዳንዱ ቆርኪ ደብተሩ ላይ የተጫዋቹን ስም ጻፉ። ከጎኑ "ይችላል"፣ "ይማራል" ወይም "አይሆንም" በሉ። ከአስር ስንት የሚል ነጥብ አልወድም፤ ሰው ሁሉ ሰባት ያገኛል። የቪዲዮ ጌም ቁጥር ደግሞ ጭራሽ አትዩ። ፍጥነቱን ይነግራችኋል፤ መቼ እንደሚሮጥ አይነግራችሁም። የስልክ አፕሊኬሽኖች የሚያሳዩት ሂት ማፕ፣ ተጫዋቹ ሜዳው ላይ የዋለበትን ቦታ በቀለም የሚያሳየው ካርታ፣ ደህና ነው፤ እሱም ቢሆን የት እንደነበር እንጂ ለምን እዚያ እንደሄደ አያውቅም።

ራሳችንን የምናታልለው "ይማራል" ላይ ነው። የምንወደውን ተጫዋች ሁሉ እዚያ እንከታለን። የእኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ያንን ሥራ በጠንካራ ተጋጣሚ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሲሠራው ካላየሁ "አይሆንም" ነው። በዚህ ደንብ ሞሰስን ሳልስተው አልቀርም ነበር። ይሁን።

ስታዩ ኳሷን ተዉአትና አንድ ሰው ብቻ አስር ደቂቃ ተከተሉ። ቴሌቪዥን ኳስ ስለሚከተል ያስቸግራል፤ ስታዲየም ከገባችሁ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ያያል? ሁለተኛ፣ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ወዴት ናቸው? ወደ ኳሷ ከሆነ ፕረሲንግ ማለትም ተጋጣሚን ተጭኖ ኳስ መንጠቅ ለሚወድ አሰልጣኝ ይሆናል። ሁለት እጁን ወደ ዳኛው አንስቶ ከቆመ ስሙን ለመሰረዝ አታመንቱ።

4. ሁለተኛ ስም ጨምሩ

አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። የአንጄ ፖስቴኮግሉ ቶተንሃም በ2023 የመጀመሪያዎቹን አስር የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ 26 ነጥብ ሰበሰበ። የተከላካይ መስመሩ መሀል ሜዳ ድረስ ይወጣ ነበር፤ ያንን የሚያስችለው ከኋላ ሮጦ የሚደርሰው የመሀል ተከላካይ ቫን ደ ቬን ነበር። ኖቬምበር 6 ከቼልሲ ጋር ሲጫወቱ ሌላው የመሀል ተከላካይ ሮሜሮ በቀይ ወጣ። ቫን ደ ቬን ሃምስትሪንጉን ያዘው፤ ማዲሰንም ተጎዳ። ቆይቶ ኡዶጊም በቀይ ተከተለ። በዘጠኝ ሰው መስመሩን እዚያው መሀል ሜዳ ላይ አቆሙት! አንዳንዱ "ጀግንነት ነው" አለ፤ እኔ እብደት ነው ያልኩት። 4 ለ 1 አለቀ። ከምሰሶው ጎን ሁለተኛ ስም ከሌለ ያ ቡድን ለአሰልጣኙ የሚስማማው እስከ ኖቬምበር ነው።

5. ማን ሥራ ፈታ?

እስካሁን የጎደለውን ነው የፈለግነው። አሁን የተረፈውን ፈልጉ። የቡድኑ ምርጥ ነገር በአሰልጣኙ አጨዋወት ቦታ አለው? ዩናይትድ ውስጥ ጋርናቾና ራሽፎርድ መስመር ይዘው መሮጥ የለመዱ ነበሩ። የአሞሪም ሁለቱ የፊት ሰዎች ግን ወደ ውስጥ ገብተው ነበር የሚጫወቱት። ራሽፎርድ በውሰት ወደ አስቶን ቪላ፣ ጋርናቾ በኋላ ወደ ቼልሲ ሄዱ። የራሽፎርድ ነገር ሌላም ጣጣ ነበረበት፤ ቦታው መጥፋቱ ግን አንድ ነው።

ተቃራኒው ሌስተር ነው። ራኒዬሪ በ2015 ሲገባ ከመውረድ ለጥቂት የተረፈ ቡድን ተረከበ። ኳሱን ለተጋጣሚ ትቶ፣ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ ለፈጣኑ አጥቂ ለቫርዲ የሩጫ ቦታ ከፈተለት። በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኑ።

6. አሰልጣኙ ይታጠፋል?

የኮንቴን ታሪክ አይታችኋል። የእናንተ አሰልጣኝ ሲሸነፍ ምን ይቀይራል? ሰው ብቻ ከሆነ የሚቀያይረው "አይሆንም" የተባለው ቦታ አይሆንም እንዳለ ይቀራል።

ብሔራዊ ቡድን ላይ ነገሩ ይለያል። የክለብ አሰልጣኝ ይወርሳል፤ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ይመርጣል። በ2022 ብሔራዊ ቡድናችንን ያሰለጥን የነበረው ውበቱ አባተ በአጭር ቅብብል የሚያምን አሰልጣኝ ነው፤ የእኛ ልጆችም ለዚያ ጨዋታ ይመቻሉ። በጁን 2022 ሊሎንግዌ ላይ ዋሊያዎቹ ግብጽን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎል 2 ለ 0 ያሸነፉበትን ጨዋታ አግኝታችሁ እዩት። ሰውና ሥራ ሲገጥሙ እንደዚያ ነው።

7. ፍርዱን ጻፉ

ሁሉም ምሰሶ "ይችላል" ከሆነ ሰበብ የለም፤ ውጤት ከጠፋ አሰልጣኙን ጠይቁት። አንድ "አይሆንም" በአንድ ዝውውር ይሞላል። ሁለት ከሆነ ወይ ሁለት የዝውውር መስኮት ጠብቁ ወይ ሌላ አጨዋወት ይፈለጋል።

ይህን የምሠራው የክረምቱ መስኮት ሲዘጋ ነው። ቆርኪውን አስተናጋጁ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ደብተሩን ግን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡት። የጃንዋሪው መስኮት ሲዘጋ እንደገና ክፈቱትና "ይማራል" ያላችኋቸውን ብቻ እዩ። እያንዳንዱን ወይ ወደ "ይችላል"፣ ወይ ወደ "አይሆንም" አዛውሩት። ሁለተኛ ጊዜ "ይማራል" አይባልም።