ስለ ሥዕል የሚጽፍ ሰው አያት ሰፈር ድረስ ይሂድ

ጀማሪ ሃያስያን የሚልኩልኝን ጽሑፍ አነባለሁ። ጎበዞች ናችሁ። ግን አንድ ነገር አንጀቴን እያሳረረው ነው፤ ሥራውን ሳታዩ ትጽፋላችሁ።

ስልክ ላይ አይተነዋል ትላላችሁ። እሱ ማየት አይደለም! የሠዓሊውን የኤልያስ ስሜን ሥራ በፎቶ ብታዩት በቀለም የተሣለ ሊመስላችሁ ይችላል። ጠጋ ስትሉ የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ ነው። በቀደም አንዱ ልጅ ብሩሽ ስላልነካው ሥራ "የብሩሹ ቅልጥፍና" ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ምን ይባላል?

"ሠዓሊው ሩቅ ነው" ይሉኛል ደግሞ። አዎ፣ ሩቅ ነው። መሀል ከተማ ኪራይ አይቀመስማ! ስለዚህ አያትም ይሁን ጀሞ ወይም ጣፎ፣ ባጃጅ ያዙና ሂዱ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ፊቱን አዙሮ ጥግ ያስደገፈውን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ምን እንደጣለና ለምን እንደጣለ ሳታውቁ የያዘውን አትረዱትም። ሠዓሊው አንቱ የሚባሉ ሰው ከሆኑ መጀመሪያ ቡናውን ጠጡ፤ ጥያቄው ይደርሳል።

በዚያው መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ጎራ በሉ። ኩሬተሯ፣ ማለትም የአውደ ርዕይ አዘጋጇ፣ መስከረም አሰግድና ኤልያስ የመሠረቱት ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። አውደ ርዕይ ነጭ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ይገባችኋል።

በመክፈቻው ምሽት ያያችሁትን ይዛችሁ አትጻፉ። የዚያን ቀን የሚታየው የሰው ጀርባ ነው።

ብሮሸር መገልበጥማ ይቅርባችሁ።

የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን የተወለደው በ1937 ነው፣ በአውሮፓውያን። "ዓ.ም." ብላችሁ ካለፋችሁ 8 ዓመት ታሳንሱታላችሁ። በአውሮፓውያን 1955 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን የሄደው እንግዲህ በ10 ዓመቱ ሊሆን ነው!

ሥዕል በስጦታ ተቀብላችሁ ስለዚያው ሠዓሊ አትጻፉ።

አውደ ርዕይ የምታዘጋጁ ደግሞ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ አትስቀሉ። የክፍያውንና የማጓጓዣውን ነገር አስቀድማችሁ በወረቀት ተስማሙ። ሥዕል የጫነ አይሱዙ ከጣፎ ሲመጣ ዝናብ ከያዘው፣ መንገድ ዳር ቆሞ "ሸራ ማልበስ የማን ሥራ ነበር?" እያሉ መጨቃጨቅ አያምርም።